ወንድሜ ወንዝ መውረድ የተወበት ምክንያት

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ወላጆቼን ለመጠየቅ ወደ ውርጌሳ ሄጄ ነበር። ከደሴ ተነስቶ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ መርሳ የተጓዘ ሁሉ የዚያን አገር ሙቀት ያውቀዋል። በዚያ ሙቀት የ26 ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር ወንዝ ወርዶ መታጠብ መተዉን የነገረችኝ እናታችን ናት። «ምን እንደ ነካው እንጃ፤ እስቲ አንቺ ጠይቂው» አለችኝ።

ብጠይቀው ሥራ በዛብኝ አለ። ማታ ግን ቡናው ተጠጥቶ ሰው ሲበተን፣ «እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለእማዬ ግን እንዳትነግሪ» ብሎ ጀመረ። ከአራት ወር በፊት ገላውን ሲታጠብ በቀኝ በኩል ባለው የዘር ፍሬው ላይ ሽምብራ የምታህል ጠጣር እብጠት በእጁ ዳሰሰ። አላመመችውም። አሁን ከባቄላ በልጣለች። አንዱ ጓደኛው «ቡአ ነው፤ በወጌሻ ታሽ» ብሎታል። እርሱም «ካላመመኝ ሐኪም ቤት ምን ያስኬደኛል?» ይላል።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ዓምድ ስለ ጡት እብጠት ደጋግሜ የጻፍሁት እኔ አንገቴን ደፍቼ ነው የሰማሁት። ቢሆንም ሲነጋ ወልድያ ሆስፒታል ይዤው ሄድሁ።

ሐኪሙ መብራት አጥፍቶ በባትሪ አየው። ውሃ የቋጠረ እብጠት ብርሃን ያሳልፋል፤ የወንድሜ አላሳለፈም። አልትራሳውንዱም እብጠቱ ከራሱ ከዘር ፍሬው ውስጥ የበቀለ መሆኑን አሳየ። አብዛኛው የዚህ አካባቢ እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ጠጣር ሆኖ የማያም ሲሆን ግን መዘግየት አይገባም። አለማመሙ የደኅንነት ምልክት አይደለም። በሽታው ይበልጥ የሚያጠቃው ከ15 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ነው፤ ሽማግሌ የሚጠብቅ ሕመም የሚመስለን ተሳስተናል።

አዲስ አበባ ላይ በብሽሽቱ በኩል ተከፍቶ ፍሬው በሙሉ ወጣ። ምርመራው ካንሰር መሆኑን፣ ነገር ግን ገና አለመዛመቱን አረጋገጠ። ቢዛመትም ተስፋ አይቆረጥም። አሜሪካዊው ብስክሌተኛ ላንስ አርምስትሮንግ፣ ስሙ በኋላ በሌላ ጉዳይ ቢጎድፍም፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. ሳንባውና አንጎሉ ድረስ ደርሶበት ድኗል። ወንድሜን ያስጨነቀው ግን ልጅ የመውለዱ ነገር ነበር። አንዱ ጤነኛ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚበቃ ሐኪሙ ሲነግረው ነው ምግብ የቀመሰው።

ለእናታችን መንገሬ አልቀረም። ዝም ብላ ቆይታ፣ «ሲወለድ አንዱ አልወረደለትም ነበር፤ ሲያድግ ይወርዳል አሉኝ፤ ወረደም» አለች። ሳይወርድ የቆየ የዘር ፍሬ ለዚህ በሽታ ይበልጥ እንደሚጋለጥ አውቄ ነበር፤ ለእርሷ ግን መናገር አልቻልሁም። ለእናንተ እነግራችኋለሁ፦ ወንድ ልጃችሁ ስድስት ወር ሞልቶት ሁለቱም በከረጢቱ ውስጥ ካልተዳሰሱ ለሐኪም አሳዩት። ቀዶ ጥገናው ሳይዘገይ፣ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ቢደረግ ይመረጣል።

ወንድሜ ክትትሉን አላቋረጠም። በቀደም እናቴ ስልክ ደውላ ስለ ማሽላውና ስለ ጎረቤት ሰርግ ስታወራኝ ቆየችና፣ ልትዘጋው ስትል፣ «ዛሬ ወንዝ ወርዷል» አለችኝ።