አሥራ ሦስተኛዋ ካርታ

በዚህች መጽሔት ግጥም እንጂ የጥንቆላ ወሬ አይወጣም የሚል አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠን። እኛም ነገሩን የጀመርነው ከግጥም ነው።

የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህራችን የቲ. ኤስ. ኤልየትን «ዘ ዌስት ላንድ» አንብባችሁ ኑ አሉን። እ.ኤ.አ. በ1922 የታተመ ረጅም ግጥም ነው፤ ያነበበው ያውቀዋል፣ ያላነበበው ደግሞ ምንኛ ታደለ ልንል ምንም አልቀረን። በግጥሙ ውስጥ አንዲት ጉንፋን የያዛት ጠንቋይ ካርታ እየመዘዘች ለሰው ዕጣውን ትነግራለች። ካርታው ታሮት ይባላል። ምን ዓይነት ካርታ ነው እያልን ስንጠያየቅ አንዲት የክፍላችን ልጅ «እኛ ቤት አለ እኮ! አክስቴ ከዋሽንግተን ስትመጣ ይዛው የመጣችው» አለች። በማግስቱ አመጣችልንና ለሁለት ሳምንት አዋሰችን።

ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነን። አንዱ ጓደኛችን «ሲኒም ይሁን ታሮት፣ ያው ጥንቆላ ነው» ብሎ ገና ከጅምሩ አልነካም አለ፤ አልጋው ላይ ወጥቶ ዳዊቱን ከፈተ። አምስታችን ግን ከበን ተቀመጥን። መቼም ከመካከላችን የጎረቤት እትዬ ሲኒ ገልብጠው «መንገድ ይታየኛል» ሲሉ ሳይሰማ ያደገ የለም። የራሱንና የእናቱን ስም ፊደል አስቆጥሮ በአውደ ነገሥት ኮከቡን ያሳየም አለን። የዕጣ ነገር ባዕድ አልነበረም፤ ባዕድ የሆነብን ሥዕሉ ነው።

ለየሰዉ ሦስት ሦስት ካርታ መዘዝን፤ ያለፈው፣ አሁን ያለው፣ የሚመጣው። ላንዱ ፍቅር፣ ላንዱ «ኤፍ» እየተነበይን ስንስቅ ተራው የደሴው ልጅ ሆነ። ሦስተኛዋ ካርታ ስትገለጥ ጥቁር ጥሩር የለበሰ ዐፅም በነጭ ፈረስ ተቀምጧል። ቁጥሯ 13፣ ከሥሯ የተጻፈው ስም ሞት። አንዳችን (ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ ስም አንጠራም) «በል ኑዛዜህን ጻፍ!» አለው። ሳቅን። እሱም ሳቀ።

ያልነገረን ነገር ቢኖር እናቱ በዚያው ሳምንት ደሴ ላይ ሆስፒታል ተኝተው ቀዶ ጥገና ይጠብቁ እንደነበር ነው።

ያን ማታ እራት አልሄደም። በማግስቱ ክፍል አልገባም። በሦስተኛው ቀን ስልኩን ትራሱ ሥር ተዘግቶ አገኘነው። «ምነው? ከቤት ቢፈልጉህስ?» ብንለው ብዙ ቆይቶ፣ «ካላነሣሁት ምንም አልሆነም ማለት ነው» አለ። ያኔ ነው ነገሩ የገባን።

እንግዲህ ተማሪ አይደለን፤ ደንግጠን ወደ መጻሕፍት ሮጥን። ያገኘነውም እንዲህ ነው። ታሮት ከጥንት ግብፅ የመጣ የካህናት ምሥጢር ነው የሚባለው ተረት ነው። ካርታው በ15ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ኢጣሊያ፣ እነሚላኖና ፌራራ ውስጥ፣ ለመጫወቻ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ፈረንሳዮች ዛሬም ነጥብ እየቆጠሩ ይጫወቱበታል። የግብፁን ወሬ የነዛው ኩር ደ ዠብላን የሚባል ፈረንሳዊ ምሁር ሲሆን፣ ይህንን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1781 ነው። ሻምፖሊዮን የግብፅን ጽሕፈት የፈታው በ1822 መሆኑን ስናስብ፣ ሰውዬው አንዲት መስመር ማንበብ ሳይችል ነው ያን ሁሉ የመሰከረው! አሊዬት የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ደግሞ ስሙን ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ «ኤተይላ» ተባለና በካርታ ዕጣ መናገርን ሙያው አደረገው። እኛ እጅ የገባውን ሥዕል ደግሞ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የምትባል ሠዓሊ ናት በ1909 የሣለችው፤ 78ቱንም። ካርታው ግን ለብዙ ዘመን የሚጠራው በአሳታሚውና ሥራውን ባዘዛት በዌይት ስም ነበር። (ይህን ስናነብ የተናደዱ ሴት የክፍል ጓደኞቻችን ነበሩ፤ እውነት አላቸው።) ኤልየትም ቢሆን የካርታውን ዝርዝር በቅጡ እንደማያውቅና እንደሚመቸው እንዳደረገው በግጥሙ ማስታወሻ ላይ ተናዟል። እኛ ግን ሞት ስትወጣ እንደ ትንቢት ተቀበልናት።

ይህንን ሁሉ ተሸክመን፣ ሐኪም ሆነን ማለት ይቻላል፣ ወደ ዶርም ተመለስን። «ስማ፣ ይቺ ካርታ ሞት ማለት አይደለችም፤ የካርታው አዋቂዎች ሁሉ ለውጥ ማለት ናት ነው የሚሉት» አልነው። እሱ ቀና ብሎ አየንና፣ «እሺ፣ ለውጥ። ምን ዓይነት ለውጥ?» አለ።

መልስ አጣን። ስህተቱን በሌላ ስህተት እያረምን ነበር እኮ! ሞት ማለት ናት ያለውም፣ ለውጥ ማለት ናት ያልነውም፣ ካርታዋ ስለ እናቱ የምታውቀው ነገር እንዳለ አድርገን ነው የተናገርነው። የታተመ ወረቀት ናት፤ ደሴ የት እንዳለች እንኳ አታውቅም።

ዳዊቱን ሲደግም የነበረው ጓደኛችን ነው ያኔ ከአልጋው የወረደው። «እስቲ አምጧት» አለ፤ አልነካም ያለው ልጅ። ብርድ ልብሱ ላይ አኖራትና፣ «ተዉት ትርጉሙን። ምን ታያላችሁ?» አለን። አንዱ የወደቀውን ንጉሥ አየ። አንዱ እጁን አጣምሮ ፈረሱ ፊት የቆመውን ጳጳስ። ኑዛዜህን ጻፍ ያለው ልጅ፣ በስተኋላ በሁለት ግንቦች መካከል ያለችውን ፀሐይ አሳየን፤ እስከዚያ ሰዓት ማናችንም አላየናትም ነበር። ከፈረሱ ኮቴ አጠገብ ሁለት ተንበርክከው አሉ። ትንሹ ሕፃን ዐፅሙን ቀና ብሎ ያየዋል። ወጣቷ ፊቷን አዙራለች።

የደሴው ልጅ ካርታዋን አንሥቶ ብዙ አያት። «እኔ ይቺ ነኝ» አለ፣ ፊቷን ያዞረችውን በጣቱ እየነካ። ከዚያ ስልኩን ከፈተው።

እኅቱ ወዲያው አነሣች። ጩኸቷ ለሁላችንም ይሰማ ነበር። «የት ጠፋህ አንተ! ትናንት ጧት ነው የገባችው። ወጥታለች፣ ደኅና ናት። ግን ሳልገባ ድምፁን ልስማ ብላ ሦስት ጊዜ አስደወለችኝ፤ ሦስት ጊዜ!»

እሱ ምንም አላለም። ስልኩን እንደያዘ ወደ መስኮቱ ሄደ። እኛ የምናደርገው ስናጣ ኪሳችንን መፈተሽ ጀመርን፤ የአውቶቡሱ ዋጋ እንደምንም ሞላ፤ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ድረስ ሸኘነው።

የቀሩትን ቀናት ካርታዎቹን እንዲሁ አላስቀመጥናቸውም። ማታ ማታ አንዲት እንመዛለን፤ ምን ይመጣል ብሎ መጠየቅ የለም፤ ከካርታው ጋር የመጣችውን የትርጉም መጽሐፍ መግለጥም የለም። ሥዕሉን አይቶ ዓይን መጀመሪያ የት እንዳረፈ መጻፍ፣ ከዚያ ለምን እዚያ እንዳረፈ መጻፍ፤ በቃ። አንዱ ጓደኛችን ስምንት ሰይፎች መሀል ዓይኗን ተሸፍና የታሰረችውን ሴት መዘዘና፣ «እግሯ ግን አልታሰረም» ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎ አባቱ የመረጡለትን ዲፓርትመንት መተው እንደሚፈልግ ሦስት ገጽ ሞላ። ለአባቱ ገና አልነገረም። እውነቱን ለመናገር ይህን ሥራ በሲኒ አተላም መሥራት ይቻላል። የጎረቤታችን እትዬ «መንገድ ይታየኛል» ብለው ዝም ሲሉ እናቶቻችን ሳይጠየቁ የሆዳቸውን ይዘረግፉ የነበረው በምን ሆነና? የፈራን ሰው ማስመዘዝ ግን ነውር ነው፤ ይህን ተምረናል።

ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ ካርታዎቹን ቆጥረን ለባለቤቷ መለስን፤ 78 ናቸው። የደሴው ልጅ ገና አልተመለሰም። እናቱ መቀመጥ ጀምረዋል። ማታ ማታ ይደውላል፤ ስልኩን ሁሌ ቀድሞ የሚያነሣው ያ ኑዛዜህን ጻፍ ያለው ልጅ ነው።