መዝገበ ቃላት ይዞ ማንበብ

የአሜሪካዊውን ገጣሚና ደራሲ የክላርክ አሽተን ስሚዝን አስፈሪ ተረቶች ሳነብ መዝገበ ቃላት ከጎኔ አይጠፋም። መጀመሪያ ላይማ «ሰውየው በእንግሊዝኛው ሊጎርርብን ነው እንዴ?» ብዬ ተናድጄ ነበር። ታሪኩን ሳውቅ ግን አፈርኩ።

እ.ኤ.አ. በ1893 ካሊፎርኒያ ተወለደ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ኦበርን አጠገብ ባለችው የወላጆቹ ጎጆ ቁጭ ብሎ፣ መዝገበ ቃላት ሳይቀር እያነበበ፣ ራሱን አስተማረ። በ19 ዓመቱ የግጥም መጽሐፍ አሳተመ። ከመቶ የሚበልጡት አጫጭር ልብ ወለዶቹ በአብዛኛው የተጻፉት ግን በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። ወላጆቹ አርጅተው ታመዋል፤ ገንዘብ የለም። እናቱ በ1935፣ አባቱ በ1937 ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ልብ ወለድ እምብዛም አልጻፈም።

ዞቲክ ባላት ምናባዊ አህጉር ፀሐይ እየከሰመች ነው። ጠንቋዮች ሙታንን ከመቃብር ያስነሳሉ፤ የተነሡት ግን እንደ ድሮው አይሆኑም። እናቴን በቀበርኩ ሰሞን ይህን ሳነብ መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም።

ስሚዝ በ1961 ቢሞትም ዛሬም አንባቢ አላጣም። ብርቅ ቃላቱን ፍለጋ ብቻ አይመስለኝም። ወላጆቹን እያስታመመ የጻፈ ሰው ነዋ!