የቀይዋ እጀታ ነገር

ጫኖን ያላየ አንባቢ ቢኖር እንዲህ አድርጎ ያስባት። በስተምሥራቅ የአባያ ሐይቅ፣ በስተምዕራብ የጋሞ ተራሮች፣ በመካከል ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ የሚዘልቀው አስፋልት፣ ግራና ቀኙ ሙዝና ማንጎ። ከ1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከዚህ ሙቀት ቀና ሲሉ ከ2700 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠችው ብርዳማዋ ጨንቻ አለች። የአጎቴ ኑሮ በሁለቱ መካከል ነው። ሙዝ ይዘው ይወጣሉ፤ ድንችና ፖም ይዘው ይወርዳሉ። የሚያመላልሳቸው ደግሞ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ከተሠሩት፣ 2286 ሲሲ የቤንዚን ሞተር ካላቸው ወገን።

እኔ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ በየመጽሔቱ እየጻፍኩ የማድር ሰው ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ብቻ ያነበብኩትን ሁሉ የማውቅ የሚመስለኝ በሽታ አለብኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ልጠይቃቸው ወርጄ አብረን ወደ አርባ ምንጭ ስንሄድ፣ ሙዝ የጫነ አይሱዙ ሁሉ እየቀደመን ያልፋል፤ የእኛዋ እሪ እያለች ከ80 አልበልጥ አለች።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም፤ የዲፈረንሻሉ ነው። እንቀይረው!» አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ ጎማው ዘንድ የሚደርሰው በዲፈረንሻል በኩል ነው። በአጎቴ መኪና ዘንጉ 4.7 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። የጥንቱ ሬንጅሮቨር ዲፈረንሻል ግን 3.54 ነው፤ በላንድሮቨሩ ቤት ውስጥም ልክ ይገባል። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር በአራተኛ ማርሽ 83 ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ፍጥነት 110 ሆኖ ቁጭ አለ። በስሌቴ ኮራሁ።

ከአንድ ጋራዥ፣ ከተበተነ ሬንጅሮቨር የወጣ ዲፈረንሻል ተገኘ። አንድ ብቻ። መኪናዋ ግን በፊትም በኋላም ዲፈረንሻል አላት። መካኒኩ፣ «አስፋልት ላይ የምትሄደው በኋላ እግሯ ነው፤ የፊቱ ይቆይ። ብቻ ቢጫዋንና ቀይዋን እጀታ እንዳትነኩ» አለን። ቢጫዋ እጀታ የፊት እግሮችን ታስገባለች። ቀይዋ ደግሞ መኪናዋን ወደ ከባዱ ማርሽ ስታወርድ የፊቶቹን አብራ ታስገባለች። የፊቱ 4.7፣ የኋላው 3.54 ከሆነ ጎማዎቹ እርስ በርስ ይጎታተታሉ።

አጎቴ ቀይዋን እጀታ አየት አድርገው ዝም አሉ። ያንን ዝምታ ማንበብ ነበረብኝ።

በሜዳው ላይ መኪናዋ በረረች። በማግስቱ ሙዝ ጭነን ወደ ጨንቻ ተነሣን። ዳገቱ ግን ስሌቴን አላነበበም። ቀድሞ በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ 20 ጊዜ ያህል ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞር ነበር፤ አሁን 15 ሆኗል። ከጉልበቷ ሩቡን ቆርጠን ጥለናል ማለት ነው። ፍሪሲዮኑ ሸተተ። ግማሹን ሙዝ መንገድ ዳር አራግፈን በግድ ደረስን።

የባሰው መውረዱ ነበር። ቁልቁለት ላይ መኪናን የሚይዘው ፍሬን ብቻ አይደለም፤ በትንሽ ማርሽ ሞተሩ ራሱ ይይዛል። አጎቴ ዕድሜ ልካቸውን የወረዱት ቀይዋን እጀታ ስበው፣ ሞተሩ 40 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ እየዞረ፣ ፍሬን እምብዛም ሳይነኩ ነው። እኔ ያንን ወስጄ 15 ሰጠኋቸው። የፍጥነት መቁጠሪያውም ዋሸን። ልኩን የሚወስደው ከዲፈረንሻሉ በፊት ካለው ዘንግ ነውና ጥርሱ መቀየሩን አያውቅም፤ 30 ሲል የምንሄደው 40 ነበር።

ከኋላ፣ ከድንቹ ጆንያ ላይ፣ የአጎቴ ትንሿ ልጅ ተቀምጣለች። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ መጣ። አጎቴ ፔዳሉን ሁለቴ ሦስቴ ረገጡት፤ ወደ ውስጥ ሰመጠ። አንድም ቃል ሳይናገሩ መሪውን ወደ ተራራው በኩል አዞሩና ከአፈሩ ግድግዳ ጋር አላተሟት። ቆመች። ልጅቷ ከጆንያው ወርዳ ማልቀስ ጀመረች፤ ጭረት እንኳ አልነካትም። እኔ ግን እግሬ አልቆም አለኝ።

አጎቴ ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉ፣ ልጃቸውን አቀፉ፣ ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣

«ልጄ፣ ለሜዳው ብለህ ዳገቱን ሸጥክብኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንሥተውት አያውቁም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና፣ በሳምንቱ የድሮው ዲፈረንሻል በእኔ ወጪ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዘግይቼ እንደተረዳሁት ትክክለኛው መንገድ ሌላ ነበር። ዲፈረንሻል ከተቀየረ የፊቱም የኋላውም እኩል ይቀየራል፤ ካምቢዮውም ያጣውን ጉልበት እንዲመልስ ይመረጣል። አለዚያም ዲፈረንሻሎቹን ሳይነኩ ከካምቢዮው ጋር ኦቨርድራይቭ ይገጠማል፤ ሜዳ ላይ ያስገቡታል፣ ዳገት ላይ ያወጡታል።

ይህን የምጽፈው ያለ ነገር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለችውን አሮጌ መኪና አድሶ፣ ከሌላ ጋር አዳቅሎ ለመንዳት የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ሲያስብ ታዲያ የሚመኘውን መንገድ ሳይሆን በየቀኑ የሚሄድበትን፣ ከነጭነቱ፣ ያስላ።

ባለፈው ጫኖ ስወርድ አጎቴ ወደ ጨንቻ ይዘውኝ ወጡ። አስፋልቱ ላይ አይሱዙው ሁሉ እየቀደመን አለፈ። ስንመለስ ከቁልቁለቱ አፍ ላይ መኪናዋን አቆሙና፣ «በል፣ አንተ ሳባት» አሉኝ። ቀይዋን እጀታ ሳብኳት።