ነጭ ወፍ ሁሉ አንድ አይደለችም

ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ የምትገኝ ከተማ ናት። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣው በዚችው ከተማ በኩል ነው። ወንዙ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ከትልቅ ገደል ላይ ይወረወራል። የገደሉ ከፍታ 40 ሜትር ያህል ነው። ውሃው ሲከሰከስ እንደ ጢስ ይተናል። ስለዚህም ቦታው ጢስ ዓባይ ተባለ።

በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ነጭ ወፍ ሳያይ አይውልም። በደንገሉ መካከል ነጭ ወፍ አለች። በወንዙ ዳር አለች። በግጦሹ ሜዳ፣ በበሬው ጀርባ ላይም አለች። «ይቺ ወፍ ምን ትባላለች?» ብለን ብንጠይቅ መልሱ «ሳቢሳ ናታ!» ነው። መልሱ ልክ ነው። ነገር ግን ሳቢሳ ብዙ ዓይነት ናት።

«ነጭ ከሆነች ያው ናት፤ ምን ልዩነት አላት?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ፊደል ስንቆጥር የነበረውን እናስታውስ። «ሉ» እና «ሊ» መጀመሪያ አንድ ይመስሉ ነበር። ኋላ ግን ምልክቷ የት እንዳለች አየን። የ«ሉ» ምልክት ከወገቧ ናት። የ«ሊ» ምልክት ከእግሯ ናት። ከዚያ ወዲህ አንሳሳትም። ወፏንም እንደ ፊደል እናንብባት። መንቁሯን፣ እግሯንና አንገቷን እንይ።

የመጀመሪያዋ የከብት ሳቢሳ ናት። ቁመቷ አጭር ነው። ከመንቁሯ እስከ ጅራቷ ብትለካ አንድ ክንድ ያህል ናት። አንገቷ ወፍራም፣ መንቁሯ አጭርና ቢጫ ነው። በመራቢያዋ ወቅት አናቷ፣ ደረቷና ጀርባዋ የማር ቀለም ይይዛሉ። ይቺ ወፍ ከከብት አትለይም። በሬው ሲራመድ ፌንጣው ከሣሩ ይነሣል። እሷም ለቀም ታደርገዋለች። ዋና ምግቧ ፌንጣና ሌላም ነፍሳት ነው።

ሁለተኛዋ ትንሿ ሳቢሳ ናት። ቀጭን ናት። መንቁሯ ጥቁር፣ እግሯም ጥቁር ነው። ጣቶቿ ግን ቢጫ ናቸው። ቢጫ ካልሲ ያደረገች ትመስላለች። በጥልቁ ውሃ አትገባም። ከዳር ሆና ጭቃውን በእግሯ ታነቃንቃለች። ትንንሽ ዓሣ ሲደናገጥ ትይዘዋለች።

ሦስተኛዋ ትልቋ ሳቢሳ ናት። ከሁሉም ትረዝማለች። እግሯም ጣቷም ጥቁር ነው። መንቁሯ ረጅም ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቢጫ ሲሆን በመራቢያዋ ወቅት ይጠቁራል። አንገቷ መካከሉ ላይ የተሰበረ ይመስላል። ውሃ ውስጥ ቆማ ሳትንቀሳቀስ ትጠብቃለች። ዓሣው ሲቀርብ እንደ ጦር ትወጋዋለች።

አራተኛዋ መካከለኛዋ ሳቢሳ ናት። አስቸጋሪዋ እሷ ናት። ትልቋን ትመስላለች፤ ነገር ግን ታንሳለች፤ መንቁሯም ያጥራል። ሁለቱን ለመለየት አፏን እንመልከት። የትልቋ የአፍ መስመር ከዓይኗ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። የመካከለኛዋ ግን ከዓይኗ ሥር ያበቃል።

ሲበሩም አንድ ምልክት አለ። ሳቢሳ ስትበር አንገቷን ታጥፋለች። ሌላ ነጭ ወፍ አንገቷን ዘርግታ ብትበርና መንቁሯ እንደ ማንኪያ ጠፍጣፋ ቢሆን፣ እሷ ሳቢሳ አይደለችም።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል? ሳያጣሩ መፍረድን ያስቀራል። «ዓሣችንን የጨረሰው ነጭ ወፍ ነው» ተብሎ በሬ ተከትላ የምትሄደው ብትገደል፣ ዓሣው አይጨምርም። የሚጨምረው ፌንጣው ነው። ዓሣ የሚበሉትም ቢሆኑ በእግራቸው ቆመው ከሚደርሱበት ውሃ አያልፉም።

በጣና ክረምት ሲገባ ወደ ርብና ወደ ጉማራ ወንዞች ወጥቶ እንቁላሉን የሚጥል የዓሣ ወገን አለ። ይህ ዓሣ በጣም ቀንሷል። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ከዚያ ወዲህ ዓሣው ሳይራባ በየወንዙ አፍ በመረብ ይያዝ ጀመር። ታዲያ ጥፋቱ የመረቡ ነው ወይስ የወፏ?

ሳቢሳ በሰው እጅ ብዙ አይታለች። ከመቶ ዓመት በፊት በአውሮፓና በአሜሪካ ላባዋ ለሴቶች ባርኔጣ ጌጥ ይፈለግ ነበር። ያማረው ላባ የሚበቅለው በመራቢያዋ ወቅት ነው። ስለዚህ አዳኞች እናቲቱን ከጎጆዋ ላይ ይገድሏት ነበር። ጫጩቶቹም በረሃብ ያልቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1889 በእንግሊዝ አገር ይህንን የተቃወሙ ሴቶች ማኅበር አቋቋሙ። ከብዙ ትግል በኋላ፣ በ1921፣ ላባ ወደ አገሪቱ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ትንሿ ሳቢሳ በዚያ አገር ጎጆ ሠርታ መፈልፈል የጀመረችው በ1996 ነው።

የእኛ አገር ሳቢሳ ጠላቷ ባርኔጣ አይደለም። የሐይቁ ዳር ሲታረስ፣ ደንገሉ ሲመነጠር፣ እምቦጭ ውሃውን ሲሸፍን የምትቆምበት ታጣለች። ፀረ ተባይ የተረጨበትን ፌንጣ ስትበላም ትጎዳለች። ልጆች ለጨዋታ ብለው በድንጋይ ይወግሯታል። ድንጋዩን ማስጣል ከእያንዳንዳችን ቤት ይጀምራል። ልጁን «ተው!» ከማለት ይልቅ «ጣቷን እየው፤ ቢጫ ነው ወይስ ጥቁር?» እንበለው። ጣቷን ለማየት ዝም ብሎ መቆም አለበት። ዝም ብሎ የቆመ ልጅ ድንጋይ አይወረውርም።

ጥያቄ
1. ጥቁር እግርና ቢጫ ጣት ያላት የትኛዋ ናት?
2. ትልቋንና መካከለኛዋን በምን እንለያለን?
3. በእናንተ ቀበሌ ስንት ዓይነት ሳቢሳ አለ? አይታችሁ ጻፉ።