92 ዲግሪ

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ውሃ በስንት ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚፈላ ከመጽሐፍ ተምሬ አውቅ ነበር፤ በ100። አዲስ አበባ ውስጥ በካቶሊክ ደናግል ይተዳደር በነበረው ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ግን፣ በጣድነው ብልቃጥ ውስጥ ውሃው እየተንተከተከ ቴርሞሜትሩ 92 አካባቢ ደርሶ ቆመ። ጥቂት ጠበቅን፤ አልተነቃነቀም። ሳንነጋገር እንኳ አራታችንም በየደብተራችን «100» ብለን ጻፍን።

መምህራችን ደብተሮቹን ሲያይ አልተቆጣም። «ያየሽው ስንት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«92፣ ቲቸር። ግን ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ይሆናል።»

በጠዋቱ ጸሎት ላይ ስለ ሐሰተኛ ምስክርነት የተነገረንን አስታውሶ፣ ያላዩትን አየሁ ብሎ መጻፍም ከዚያው የሚቆጠር መሆኑን ነገረን። ከዚያ ሌላ ቴርሞሜትር አመጣ፤ እሱም 92 አካባቢ አሳየ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ዝቅተኛ መሆኑ፣ ውሃውም በዚሁ ምክንያት ቀድሞ መፍላቱ የገባን ያን ጊዜ ነው። መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ የሚናገረው ስለ ባሕር ጠለል ነበር። የተሳሳትነው ዓይናችንን ያላመንነው እኛ ነን።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ፣ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» ገባ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ በሳተላይት የሚሠራጭ፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ነበር። በመንግሥት ትምህርት ቤት ትማር የነበረችው የአክስቴ ልጅ ከእኔ የበለጡ ብዙ ሙከራዎችን አይታለች፤ አንዱንም ግን በእጇ አልሠራችም። በስክሪኑ ላይ ብልቃጥ አይሰበርም፣ ቁጥርም ከመጽሐፉ አያፈነግጥም። ተማሪዋ እጇን ብታወጣም ስክሪኑ አያያትም፤ ሰዓቱን ጠብቆ ያልፋል። መምህሩም በገዛ ክፍሉ ውስጥ የመሣሪያው ረዳት ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ሙያዬ ራሴን እንድጠረጥር ያስገድደኛል። የእኛ ትምህርት ቤት በፈተና መርጦ ይቀበል ነበር፤ የክፍሉ ተማሪዎች ቁጥርም ያነሰ ነበር፤ ወላጆቻችንም ደብተራችንን ያዩ ነበር። ስለዚህ የደረስንበትን ሁሉ ለቤተ ሙከራው ብሰጥ፣ ያላየሁትን አየሁ ማለቴ ይሆናል። ማይክል ክሬመርና ባልደረቦቹ በኬንያ ያደረጉት ጥናትም ትዕቢታችንን ያበርዳል። የመማሪያ መጻሕፍትን ለትምህርት ቤቶች ማደል አማካይ ውጤቱን ከፍ አላደረገውም፤ የተጠቀሙት ቀድሞውንም ጎበዝ የነበሩት ናቸው። ቁሳቁስ ብቻውን አያስተምርም።

ይህን ጥናት ለተማሪዎች ሳስተምር ከርሜ፣ በገዛ ገንዘቤ ግን ዘነጋሁት። ከጥቂት ዓመታት በፊት በውጭ የምንኖር ጓደኞች ገንዘብ አዋጥተን ለአንድ የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፖችና የኬሚስትሪ መሣሪያዎች ላክን። የርክክቡን ፎቶግራፍ ሁላችንም ተቀባበልነው። በሁለተኛው ዓመት ለእረፍት ሄጄ ስጎበኘው ቤተ ሙከራው በቁልፍ ተዘግቷል፤ ከካርቶኖቹም የሚበዙት አልተከፈቱም። ቁልፉን የያዙትን መምህር በልቤ ወቀስኳቸው። እሳቸው ግን በትሕትና፣ «እቴ፣ በስሜ ፈርሜ ነው የተረከብኩት። አንዱ ቢሰበር ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው» አሉኝ።

መልሳቸው ከብዙ የፖሊሲ ሰነድ ይልቅ ጥርት ያለ ነው። መሣሪያው ሥራ ላይ ቢውል ጥቅሙ የተማሪው፣ ቢሰበር ዕዳው የመምህሩ ነው። በዚህ ላይ ብሔራዊ ፈተናው በምርጫ ጥያቄዎች የሚሰጥ በመሆኑ፣ ብዩሬት ይዞ የማያውቅ ተማሪ ምንም ነጥብ አይቀነስበትም። በኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ባዮሎጂ የተግባር ፈተና አላቸው፤ ስለዚህ ቤተ ሙከራውን ዘግቶ መክረም ዋጋ ያስከፍላል። በእኛ ዘንድ ዋጋ የሚያስከፍለው መክፈቱ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደቡ ወስነን ለዓመታት የሠራነው ይህን ሳናስተካክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከተፈተኑት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ብዙዎቻችን ደነገጥን። መንስኤዎቹ ብዙ ናቸው፤ ጦርነትና ወረርሽኝም አሉበት፤ ቤተ ሙከራ ብቻውን አይፈታቸውም። ቢሆንም ያ ቁጥር እንደ ቴርሞሜትሩ ንባብ ነው። መራራ ቢሆንም ያየነውን መጻፍ ጀምረናል።

የእኛ ማኅበር በቅርቡ አዲስ መዋጮ ይጀምራል፤ እንደገና መሣሪያ እንላክ የሚለው ሐሳብም ቀርቧል። እኔ የማቀርበው ሌላ ነው። በመጀመሪያ፣ ለአንድ የቤተ ሙከራ ረዳት የሦስት ዓመት ደመወዝ። ሁለተኛ፣ የተሰበረው ሁሉ ያለ ጥያቄ የሚተካበት ትንሽ የመጠባበቂያ ገንዘብ፣ መምህሩም ከዕዳ ነፃ መሆኑ በጽሑፍ የሚረጋገጥበት ስምምነት። ሦስተኛ፣ በየወሰነ ትምህርቱ ስንት ሙከራ በተማሪዎች እጅ እንደተሠራ የሚመዘግብ አንድ ደብተር። አንድ ወዳጄ «ይህ እኮ ፎቶግራፍ አይወጣውም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለጋሽ የሚያሳየው ነገር ይፈልጋል፤ እኔም ያንን የርክክብ ፎቶግራፍ እስካሁን አልደመሰስኩትም።

የመምህራችን ቤተ ሙከራ ሀብታም አልነበረም። ሁለት ቴርሞሜትሮች፣ ጥቂት ብልቃጦችና አንድ ምድጃ ነበሩት። በዚያ ዓመት ቢያንስ ሦስት ብልቃጥ መስበራችንን አስታውሳለሁ፤ አንዱን የሰበርኩት እኔ ነኝ። መምህራችን ስብርባሪውን በመጥረጊያ ሰብስቦ ሌላ ብልቃጥ ሰጠኝና ሙከራውን ካቆምኩበት እንድቀጥል አዘዘኝ።