ከአቡ ዳቢ ወደ አል ዐይን፦ ለአንድ ቀን የጋራ ጉዞ ዝግጅት

በአገር ቤት የማኅበር ጉዞ ሥርዐቱ የታወቀ ነው። አውቶቡስ ይከራያሉ፤ ስንቅ ያሰናዳሉ፤ እየዘመሩ ሌሊቱን ያጋምሳሉ፤ መኪናው ቢበላሽም በአቅራቢያው ካለ ደብር ያድራሉ። በአቡ ዳቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን እንዲህ ያለ ጉዞ ሲያስቡ ከገንዘቡ አስቀድመው ሰዓቱን ይቈጥራሉ። ከተጓዦቹ ብዙዎቹ በሰው ቤት የሚያገለግሉ እኅቶች ናቸው። የአገሩ ሕግ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣቸዋል፤ ቅዳሴ የሚያስቀድሱት፣ ዘመድ የሚጠይቁት፣ ለቤተ ሰብ ገንዘብ የሚልኩትና እንቅልፍ የሚጠግቡት በዚያችው ቀን ነው። ስለዚህ ጉዞ የሚያሰናዳ ሰው የሌላውን ብቸኛ ቀን በእጁ እንደ ያዘ ይወቅ። ከገዳማችን ወደዚያ ለአገልግሎት የሚሄዱ አባቶችም ይህን ቢያስቡት መልካም ነው።

የአቡ ዳቢ ግዛት ከሰባቱ ኤምሬቶች እጅግ ሰፊው ነው። በምዕራቡ ባሕርና ደሴቶች፣ በደቡቡ ታላቁ የአሸዋ በረሃ፣ በምሥራቁ ተራራና የተምር ደን አለው። ሁሉን በአንድ ጉዞ ለማየት መመኘት ቀላል ነው፤ አውቶቡሱ ግን አይችለውም።

ስለ ጉዞ ሲነሣ የብዙዎች ልብ መጀመሪያ የሚያዘነብለው ወደ ሲር ባኒ ያስ ደሴት ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በዚያ የጥንት ገዳም ፍርስራሽ ተገኝቷል። በመካከሉ ቤተ ክርስቲያን፣ በዙሪያው የመነኮሳት በአቶች፣ በግድግዳ ጌጦቹም ላይ የመስቀል ቅርጽ ታይቷል። ሊቃውንቱ ዘመኑን 7ኛውና 8ኛው መቶ ዓመት ነው ይላሉ። ይህም እስልምና በአካባቢው ከተስፋፋ በኋላም መነኮሳቱ በዚያ ይጸልዩ እንደ ነበር ያሳያል። ገዳሙ አባቶቻችን ንስጥሮሳዊት ከሚሏት ከምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ወገን ነው ተብሎ ይታመናል። በሃይማኖት ከእኛ የተለዩ ቢሆኑም፣ ውኃ በጠፋበት ደሴት በአት ያጸና መነኵሴ ምን እንደ ታገሠ ለማወቅ የገዳም ሰው አስረጂ አይሻም። እ.ኤ.አ. በ2019 ፍርስራሹ መጠለያ ተሠርቶለታል። ነገር ግን ወደ ወደቡ ለመድረስ ከአቡ ዳቢ ከተማ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል፤ ከዚያም በጀልባ ይሻገራሉ። ደሴቱ የዱር አራዊት መጠበቂያ ስለ ሆነም ጉብኝቱ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ አይገባበትም። በእኔ አስተያየት ይህ የሁለት ቀን ጉዞ ነው፤ ሁለት ቀን ለሚያገኙ ብቻ ይሁን። አንድ ቀን ብቻ ላላቸው የሚበጀው አል ዐይን ነው።

አል ዐይን ከአቡ ዳቢ ከተማ በስተ ምሥራቅ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዖማን ድንበር ላይ ትገኛለች፤ መንገዱ ጥርጊያና ቀጥ ያለ በመሆኑ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይደረሳል። ስሟ በዓረብኛ «ምንጭ» ማለት ነው። የግእዝ ተማሪን ይበልጥ የሚያስደስተው ግን የመስኖ ቦያቸው ስም ነው፤ «ፈለጅ» ይሉታል፣ የእኛው «ፈለግ» ወንድም። ከተራራ ግርጌ የጕድጓድ ውኃ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በመሬት ውስጥ በጥቂቱ ያዘነበለ ዋሻ እስከ እርሻው ድረስ ይቈፍራሉ። ለመጥረጊያ የሚሆን ጕድጓድ በየመካከሉ ይተዋሉ፤ ውኃው ያለ ምንም ሞተር ይወርዳል። በሂሊ የተገኘው ፈለጅ 3,000 ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። ውኃው ለባለ ተምሮቹ የሚከፋፈለው በሰዓት ነው፤ ተራው የደረሰ ቦዩን ይከፍታል፣ ሲያበቃ ይዘጋል። በአገራችን የውኃ አባት የሚዳኘውን መስኖ ላየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ዛሬ የከርሰ ምድሩ ውኃ ስለ ቀነሰ በሞተር ይታገዛል።

የተምር ደኑ ከ100,000 በላይ ዛፎች አሉት። በጭቃ ግንብ መካከል ጥላ የሞላባቸው መተላለፊያዎች ስላሉት አረጋውያንም ሳይቸገሩ ይሄዱበታል። ዛፎቹ ባለቤት አላቸውና ፍሬውን መልቀም አይገባም። ይህ ደን፣ የሂሊና የሐፊት መቃብራት በአንድነት እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ከደኑ ብዙም ሳይርቅ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሠራው የጃሂሊ ምሽግ አለ። በውስጡ የዊልፍሬድ ቴሲጀር ፎቶግራፎች ይታያሉ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1910 አዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን የተወለደ ነው፤ በ1941 በጎጃም ከአርበኞች ጋር ጣልያንን ወግቷል፤ ኋላም ታላቁን የአሸዋ በረሃ ሁለት ጊዜ በግመል አቋርጧል። እኅቶቻችን በባዕድ አገር ምሽግ ውስጥ የአዲስ አበባን ስም ሲሰሙ ደስ ይላቸዋልና ይህ አይታለፍ።

የሐፊት ተራራ ጫፍ ግን ይቅር እላለሁ። ቁመቱ ከ1,200 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ በደጋ ላደገ ሰው ከኮረብታ አይቈጠርም፤ ጠመዝማዛው መንገድም ሰዓት ይበላል። በግርጌው ያሉት ክብ የድንጋይ መቃብራት ይሻላሉ። 5,000 ዓመት ያህል ቆይተዋል፤ በውስጣቸውም ከሜሶጶጣሚያ የመጡ ሸክላዎች ተገኝተዋል።

ወራቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ይሁን፤ በበጋቸው ሙቀት ሽማግሌ ይዞ መውጣት ጭካኔ ነው። እነዚያ ወራት ጾመ ነቢያትን ስለሚያካትቱ ስንቁ የጾም ይሁን፤ ተምሩ ከዚያው ይገኛል። ሁሉም መታወቂያውን ይያዝ፤ የዖማን ድንበር ቅርብ ነውና። የአገሩ ሥርዐት የክርስቲያኖችን አምልኮ በሙሽሪፍ እንዳሉት ባሉ በተፈቀዱ ቅጥሮች ስለ ወሰነ፣ ጸሎቱ በዚያ ይፈጸም፤ በመንገድ ከበሮ አይመታ።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር። መነሻው ለተጓዦቹ «ከጠዋቱ 12 ሰዓት» ከተባለ ለአሽከርካሪው «6» ተብሎ ይጻፍለት፤ እርሱ በእኛ አቈጣጠር አያውቅምና «12» ቢባል ቀትር ላይ ይመጣል። ከአል ዐይን መነሻው ከ10 ሰዓት አይለፍ። የጉዞው ኃላፊ እያንዳንዷ እኅት ወደ አሠሪዋ ቤት የምትገባበትን ሰዓት ቀድሞ ይጻፍ፤ ሲመለሱም አውቶቡሱ መጀመሪያ የሚያደርሰው ቤቱ የቀረበውን ሳይሆን ሰዓቷ የቀደመባትን ይሁን።