ከገመዱ ወዲህ

አይሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ ቀና ብሎ የማያይ ሰው ጥቂት ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ይህን ማየት እንደ ሙያ የያዙ ሰዎች አሉ። መነጽር በአንገታቸው አንጠልጥለው፥ በየአይሮፕላኑ አካል ላይ የተጻፈውን ፊደልና ቍጥር በደብተር እየመዘገቡ ዕድሜአቸውን ይፈጽማሉ፤ «ኢቲ» የሚለው የእኛ አገር ምልክትም በብዙዎቹ ደብተር ሳይሰፍር አይቀርም።

ልማዱን ለማያውቅ አገር ነገሩ ሌላ ትርጕም አለው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር 12 እንግሊዛውያንና 2 ሆላንዳውያን በግሪክ አገር በካላማታ የአየር ኃይል ሰፈር፥ በሩ ለሕዝብ በተከፈተበት ሰሞን ተይዘው በስለላ ተከሰሱ። በ2002 ዓ.ም. በአፕሪል ስምንቱ የ3 ዓመት እስራት፥ ስድስቱ ደግሞ የ1 ዓመት ገደብ ተፈረደባቸው፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነጻ ለቀቃቸው። እኛ ግሪኮቹን ለመውቀስ አንቸኩልም። በጦር ሰፈር ዙሪያ ደብተር ይዞ የሚዞር እንግዳ ማንንም ያስጠረጥራል። ነገር ግን በሩን የከፈተ ባለቤት የሚፈቀደውንና የሚከለከለውን አስቀድሞ በግልጽ መንገር የእርሱ ፋንታ ይመስለናል።

እነዚህን ሰዎች ከቅርብ ያየናቸው በካምብሪጅ አጠገብ በዳክስፎርድ ቤተ መዘክር ነው። በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ «ስፒትፋየር» ተዋጊዎች የገቡበት ሜዳ ነው፤ ዛሬም አሮጌዎቹ ከዚያው ይነሣሉ። አንድ ቀጭን ገመድ ተዘርግቷል፤ ከማዶው ሞተር ይጮኻል፤ ገመዱን የተሻገረ ግን አላየንም። አንድ ሽማግሌ ከፍ ብለው ለማየት በትንሽ መሰላል ላይ ቆመው ሳለ፥ ከኋላቸው ሕፃን መኖሩን ባዩ ጊዜ ማንም ሳይናገራቸው ወረዱና ልጁን ወደ ፊት አሳለፉት። (በቍጥር ሲከራከሩ ግን እኒሁ ጨዋ ሰዎች ጠበኞች ናቸው።)

ከአጥሩ ውጭ፥ በሜዳው ደቡብ፥ በእርሻ ዳር የቆሙም ነበሩ። ለአሮጌዎቹ አይሮፕላኖች መጠገኛ የሚሆነውን የመግቢያ ዋጋ ለምን እንደማይከፍል አንዱን ብንጠይቀው፥ ሕዝቡ የቆመው ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ መሆኑን፥ ከእርሱ በኩል ግን ፀሐይ ከኋላ ስለምትሆን ፎቶግራፉ እንደሚያምር ነገረን። መልሱ እውነት ነው፤ እኛን ግን አላረካንም። በ2015 ዓ.ም. በኦገስት ወር በሾርሃም የበረራ ትርኢት ላይ አንድ አሮጌ «ሃንተር» ጄት ከሜዳው ውጭ ባለው አውራ ጎዳና ላይ ወድቆ 11 ሰዎች ሞተዋል። ከመንገደኞቹ ሌላ በመንገዱ ዳር ቆመው ይመለከቱ የነበሩም ይገኙባቸዋል፤ ከገመዱ ወዲህ ከቆመው ሕዝብ ግን የሞተ አልነበረም።